«ጥያቄ የለኝም» ያልኩበት ጠዋት

ሰዎች «እንዴት ሳትገድል ታሰርክ?» ሲሉኝ መጀመሪያ እስቃለሁ። ሳቄ የደስታ እንዳይመስላችሁ። ቀጥለው ደግሞ «ጠበቃ አልነበረህም እንዴ? መብትህን አልነገሩህም?» ይሉኛል። ኧረ ነግረውኛል! ጠበቃም ቆሞልኛል፣ ዳኛም ተሰይሞልኛል፣ መብቴም አንድ በአንድ ተነቦልኛል። በወረቀቱ በኩል ምንም የጎደለብኝ ነገር አልነበረም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ጀማል ሰፊው ይሉኛል። ያኔ ከሚሴ ገበያ ዳር፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ በረንዳ ላይ የእግር መኪና ዘርግቼ ልብስ እሰፋ ነበር። ምላስህ መርፌ ነው ይሉኛል። ደንበኛ መጥቶ «ሱሪው አጠረብኝ» ካለኝ «እግርህ ነው የረዘመው» ብዬ ነው የምመልስለት። ከባጃጅ ነጂ ጋር፣ ከቀረጥ ሰብሳቢ ጋር፣ ከራሴ ሚስት ከዘሐራ ጋር ሳልከራከር የዋልኩበት ቀን የለም። እንዲህ የምለፈልፍ ሰውዬ መሆኔን ልብ በሉልኝ፤ የኋላው ነገር የሚገባችሁ ያኔ ነው።

ትውልዴ ጨፋ ነው። አባቴ፣ ታናሽ ወንድሜ ሰይድ፣ የሰይድ ሚስትና ሁለት ትንንሽ ወንዶች ልጆቹ እዚያው ቦርከና ዳር ማሽላ እያረሱ ይኖሩ ነበር። መስከረም ላይ፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል፣ የጎረቤት ከብት ማሽላችን ውስጥ ገባ። ሰይድና የከብቱ ባለቤት ኡመር በዚህ ተጣልተው በዱላ ተማቱ። ኡመር ጭንቅላቱን ተመታና ወደ ሆስፒታል ሲወስዱት መንገድ ላይ ሞተ። ሰይድ ዞር ብሎም አላየ። በባቲ በኩል ወደ አፋር ቆላ ወረደ፣ ከዚያ ባሕር ተሻገረ ተባለ። እኔ ያን ቀን ሙሉ በረንዳዬ ላይ ሆኜ የተማሪ ደንብ ልብስ ስሰፋ ነው የዋልኩት። ግማሽ ገበያ አይቶኛል። እናቶች «ነገ ትምህርት ሊጀመር፣ ዛሬ ካላደረስክልን!» እያሉ ከበውኝ ነበር።

በኛ አገር ገዳይ ቢጠፋ ደም አይጠፋም። የሟች ወገን የገዳዩን አባት፣ ወንድም፣ ካልሆነም ልጁን ሊገድል ይጠብቃል። ለዚህ ነው አበጋሮች ያሉን። አበጋር ማለት ደም የሚያደርቅ፣ የተጣላ ወገን የሚያስታርቅ የተከበረ ሽማግሌ ነው። ወጉ ደግሞ እንዲህ ነው፦ ከገዳዩ ወገን አንድ ወንድ ጫማውን አውልቆ፣ ቀበቶውን ፈትቶ፣ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከሟች ዘመዶች ፊት ይንበረከካል። ገዳዩ ካለ ራሱ፣ ከሌለ የቅርብ ሥጋው። ማንም ይሸከም ማን፣ የሚናገረው በገዳዩ አፍ ነው። «ደማችሁ በእጄ ነው፤ ለአላህ ብላችሁ ማሩኝ» ይላል።

አባቴ ከጨፋ መጥቶ በረንዳዬ ላይ ተቀመጠ። ውሃ እንኳ አልቀመሰም።

«ጀማል፣ እኔ ወገቤ አይችልም» አለኝ።

«አባቴ፣ እኔ እኮ እዚህ ስሰፋ ነው የዋልኩት። ዱላ ከያዝኩ ስንት ዘመኔ ነው?»

«አውቃለሁ።»

«ሌላ ሰው የለም?»

«ማን አለኝ? የሰይድን ልጅ ላሸክመው? ገና ጥርሱ ያልተነቀለውን?»

ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? ሱቄን ዘግቼ ተከተልኩት። በነጋታው ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር፣ የሟች ወገን ጀርባውን ሰጥቶን በተቀመጠበት፣ ድንጋዩን ተሸክሜ ተንበረከክሁ። ቃሉን አልኩ። ድንጋዩ አንገቴን እየፋቀኝ ቆየሁ፣ ቆየሁ፤ በመጨረሻ የኡመር ታላቅ ወንድም አህመድ ዞሮ፣ እያለቀሰ፣ ድንጋዩን ከጫንቃዬ አነሣልኝ። ያስታረቁን አበጋር ሐሰን ናቸው፤ ረዥም፣ ድምፃቸው ለስላሳ፣ አገሩ ሁሉ የሚያከብራቸው ሰው። የደም ከብት ተሰጠ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ከአንድ ገበታ በላን። ወደ ከሚሴ ስመለስ አንገቴ ቢላጥም ልቤ ቀሎኝ ነበር። አልሃምዱሊላህ፣ የሰይድ ልጆች ተረፉ አልኩ።

ብዙም ሳይቆይ ፖሊሶች በረንዳዬ ላይ መጡ።

«ኡመርን የገደልከው አንተ ነህ?»

«ወላሂ እኔ አይደለሁም። ልብስ ስሰፋ ነው የዋልኩት።»

«ታዲያ ድንጋይ ለምን ተሸከምክ?»

እዚህ ላይ ነው ምላሴ የተሳሰረው። «ለወንድሜ ነው» ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። አህመድ እንባውን እያፈሰሰ ድንጋይ ሲያነሣልኝ ታየኝ። ያንን ሰው በፖሊስ ፊት ልካደው? ፖሊሶቹ ደግሞ ሌላ የሚይዙት ነገር አልነበራቸውም። ጸቡን በዓይኑ ያየ ሁሉ ሲጠየቅ «ደሙ ደርቋል፣ ምን አየን?» ብሎ ይመለሳል፤ ከእርቅ በኋላ መመስከር ነውር ነው። ስለዚህ ያለው ማስረጃ የኔ ድንጋይ ብቻ ሆነ። አሰሩኝ።

ምስክር ሊሰማ በዋዜማው አባቴ ሊጠይቀኝ መጣ። በሽቦው አጥር በኩል ጣቶቼን ያዘኝ።

«አደራ» አለ። «ነገ ‹እኔ አይደለሁም፣ ድንጋዩ የሰይድ ነው› ብለህ ከተነሣህ እርቁ ፈረሰ። እነ አህመድ ‹ድንጋይ የተሸከመልን ሰው ካደን› ይላሉ። የዚያን ጊዜ እነዚያን ልጆች የት አገባቸዋለሁ?»

«እና ልታሰር?»

«እስር ያልፋል ጀማል። ልጅ ከተገደለ ግን…» አልጨረሰውም። ጣቶቼን ብቻ ጨምቆ ያዘ። ዕድሜ ልኩን ሲለምን አይቼው የማላውቀው አባቴ ለመነኝ። እሺ አልኩት።

ጠዋት ፖሊሶቹ እጄን አስረው በአስፋልቱ ዳር አስኬዱኝ። ሚኒባሶች ወደ ደሴ «ደሴ! ደሴ!» እያሉ ይጣራሉ። ባለፈው ዒድ ኮት የሰፋሁለት የባጃጅ ልጅ አየኝና ፊቱን ወደ መሪው መለሰ። ኮቱን ለብሶት ነበር። በፍርድ ቤቱ አጥር በር ላይ ዘሐራ ቆማለች። ፖሊሱን ለምና ጠጋ አለች።

«የተማሪዎቹ እናቶች መጥተዋል፣ ያውልህ ከዛፉ ሥር ተቀምጠዋል። ሁሉም ይመሰክሩልሃል። ስማቸውን መጥራት ብቻ ነው የሚጠበቅብህ።»

«ዘሐራ…»

«አባትህ ምን እንዳለህ ገብቶኛል። አንተ ግን ዛሬ ተናገር። ዝም ብለህ የማታውቀው ሰውዬ ዛሬ ዝም ልትል? ተናገር!»

ፖሊሱ ወደ ውስጥ ገፋ አደረገኝ።

ጠበቃዬን ያገኘሁት ኮሪደር ላይ ነው። መንግሥት ያቆመልኝ ልጅ እግር፣ መዝገብ በሁለት ክንዱ የታቀፈ። «ጀማል ማነው?» አለ፤ ፊቴን አያውቀውም። መዝገቤን ቆሞ ገለጠ፤ ወንድሜ መጥፋቱን ሲያይ ዓይኑ በራ።

«ይሄ እኮ ቀላል ነው! ያስታረቋችሁን ሽማግሌ ዐቃቤ ሕግ በምስክርነት ጠርቷቸዋል፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቃቸው። ‹ድንጋዩን የተሸከመው ለራሱ ነው ወይስ ለወንድሙ?› ካልኳቸው አለቀ። የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ድንጋዩ ብቻ ነው።»

«አትጠይቅ» አልኩት።

«ምን?»

«አትጠይቅ ነው የምልህ። ከጠየቅህ ተነሥቼ ጠበቃ አልፈልግም እላለሁ።»

«ሰውዬ፣ ሕገ መንግሥቱ የሰጠህ መብት እኮ ነው! ምክንያቱን ንገረኛ!»

ዝም አልኩ። ሰዓቱን አየ። ከኔ በኋላ ሌላ ሰው፣ ከዚያ በኋላም ሌላ ሰው ይጠብቀዋል። «እንግዲህ ምርጫው ያንተ ነው» ብሎ መዝገቡን ዘጋ። ትንሽ ቢቆጣኝ! ክርኔን ይዞ ጥግ ወስዶ «ማንን ፈርተህ ነው?» ቢለኝ እዘረግፍለት ነበር። ምርጫህ ነው ብሎ የተወኝን ልጅ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

ችሎቱ በኦሮምኛ ነው፤ እኔ አማርኛም ኦሮምኛም የአፍ መፍቻዬ ስለሆነ ችግር የለብኝም። የመሀል ዳኛው መነጽራቸውን አስተካክለው አነበነቡልኝ። እስኪፈረድብህ ንጹሕ ነህ፤ በራስህ ላይ እንድትመሰክር አትገደድም፤ ምስክር የመጠየቅ፣ መከላከያ የማቅረብ መብት አለህ። ድምፃቸው ረጋ ያለ፣ ደግ ድምፅ ነበር። ድርጊቱን ፈጽመሃል ወይ ሲሉኝ ዝም አልኩ። «ዝም ማለት መብትህ ነው» አሉኝና «እንደ ካደ ይቆጠር» ብለው አስጻፉ። «ካደ» የሚለውን ስሰማ ዞሬ አባቴን አየሁት። ኋላ ወንበር ላይ ምርኩዙን ጨብጦ ላብ አጥምቆታል።

አበጋር ሐሰን ገቡ። ሰው ሁሉ፣ ፖሊሱ ሳይቀር፣ ተነሥቶ ሊቆምላቸው ቃጣው። ቁርኣን ይዘው ማሉ።

«እርቅ ተደርጓል?» አለ ዐቃቤ ሕጉ።

«ተደርጓል።»

«ድንጋዩን ማን ተሸከመ?»

«ጀማል።»

«ምን አለ?»

«‹ደማችሁ በእጄ ነው፣ ማሩኝ› አለ።»

«ጨርሻለሁ።»

ጨረሰ! እንዲህ ቀላል ነው። ዳኛው ወደ ጠበቃዬ ዞሩ። ጠበቃዬ ወደኔ ዞረ። ራሴን ነቀነቅሁ። «የለንም» አለ።

እዚህ ላይ ቢያልፍ ኖሮ ምናልባት ይሄን ያህል አይቆጨኝም ነበር። ዳኛው ግን አላለፉትም። መነጽራቸውን አውልቀው በቀጥታ እኔን ጠየቁኝ፦

«ጀማል፣ አንተስ? ጋፊ ቀብዳ?»

ጥያቄ አለህ ወይ ማለታቸው ነው።

ውጪ የጭነት መኪና አስፋልቱን እያንቀጠቀጠ አለፈ። አበጋር ሐሰን ዱላቸውን ተደግፈው መላ ሰውነታቸውን ወደኔ አዞሩ። አዩኝ። እኔ ያንን ዓይን እንዲህ ነው የተረጎምኩት፦ «በፊቴ ያልከውን ቃል ልታጥፍ ነው? ወንድ ከሆንክ ቁም።» ጥያቄዋን አውቃታለሁ። «አበጋር ሐሰን፣ ድንጋዩን የተሸከምኩት ለማን ነው?» ይቺው ናት፣ ሌላ የላትም። ከኋላዬ ዘሐራ «ጀማል!» ብላ ጮኸች፤ ፖሊሱ «እሽ!» አላት። የሰይድ ትንሹ ልጅ፣ አጎቴ እያለ መርፌ ማጥለቂያ ክር የሚያቀብለኝ፣ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

«ጋፊ ሂንቀቡ» አልኩ። ጥያቄ የለኝም።

አበጋሩ ግን አልሄዱም። እንደቆሙ ቀሩ። ዳኛው «አባቴ፣ ጨርሰዋል፣ ይሂዱ» እስኪሏቸው ድረስ ዓይናቸውን ከኔ አልነቀሉም። ከዚያ «መከላከያ ምስክር አለህ?» ተባልኩ። እናቶቹ ከዛፉ ሥር እየጠበቁ፣ የለኝም አልኩ። ጥፋተኛ ተባልኩ፤ ዓመታት ተፈረደብኝ።

ውስጥ ስለነበርኩበት ጊዜ አላወራም። የስፌት መኪና ስለነበራቸው እሰፋ ነበር፣ በቃ። ዘሐራ መጀመሪያ ላይ በየሳምንቱ ትመጣ ነበር። አንድ ቀን በሽቦው ማዶ ቆማ «ለሰይድ ልጆች ብለህ አፍህን ዘጋህ። ለኔስ ብለህ ምን አደረግክ?» አለችኝ። ከዚያ ፍቺ ጠየቀች፣ ሰጠኋት። አሁን ባቲ ነው ያለችው፤ አግብታለች፣ ወልዳለች አሉ። አባቴም እዚያው እያለሁ ሞተ። ቀብሩ ላይ አልደረስኩም።

የተፈታሁ ሰሞን ጨፋ ወረድኩ። ሐቁን የሚያውቅ ሰው፣ በቁርኣን የማለ ሰው፣ ለምን ዝም እንዳለኝ መጠየቅ ነበረብኝ። አበጋር ሐሰን ዓይናቸው ጠፍቶ ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«አካም ጅርቱ አባቴ?» ብዬ እንዴት አሉ ስላቸው ቀና አሉ።

«ጀማል ነህ። ይቺን ድምፅ የት አጣታለሁ? ና ተቀመጥ።»

አልተቀመጥኩም። «አንቱ እኮ እንዳልገደልኩ ያውቁ ነበር» አልኩ።

«እንዴታ! አውቃለሁ እንጂ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

ግራ የገባቸው ይመስል ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ።

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ። «የእርቅ ምስጢር የባለ ድንጋዩ ነው ጀማል። የተሸከመው ሰው ካልጠየቀ አበጋር አይፈታውም፤ ስንሾም የምንገባው ቃል ነው። ዐቃቤ ሕጉ ያየሁትን ጠየቀኝ፣ ምዬ ነበርና መለስኩ። ለማን እንደተሸከምክ መናገር የምችለው ግን አንተ ስትጠይቀኝ ብቻ ነው። ቆሜ የጠበቅኩህ እኮ ለዚያ ነው። ዳኛው ሂድ እስኪለኝ ቆሜ ነበር፣ አላየኸኝም?»

የዚያን ጊዜ ተቀመጥኩ።

«እርቁ ይፈርሳል ብዬ…»

«በምን? የመታው ሰይድ መሆኑን የማያውቅ በጨፋ ማን አለ? አህመድ የደሙን ከብት ሲቀበል ‹ሰይድን ምሬያለሁ› ብሎ ቃሉን ሰጥቶናል። አንተ ሳትጠይቅ ቀርተህ ሲፈረድብህ ቤቱ ገብቶ አለቀሰ።»

«አባቴስ? አባቴ ይፈርሳል አለኝ!»

«አባትህ ፈራ፣ አላህ ይዘንለት። መቼ መጥቶ ጠየቀኝ?»

«አንቱስ? ሰው ልከው አይነግሩኝም ነበር? ያን ሁሉ ዓመት!»

ሽማግሌው በዚያች ለስላሳ ድምፃቸው «የወንድምህን ሸክም ወደህ የወሰድክ መስሎኝ ነበር። ትልቅ ሰው ነው እያልኩ በየዱዓው ስምህን እጠራ ነበር» አሉኝ።

ዱዓ! ሱብሃነላህ! እኔ እዚያ ስበሰብስ፣ ሚስቴ ስትሄድ፣ አባቴ ሲቀበር፣ እሳቸው ስሜን በዱዓ ይጠራሉ! ተነሣሁ። አንድ ክፉ ቃል ልናገራቸው ነበር፤ ዕውር ፊታቸውን ሳይ አቃተኝ። ደህና ይሁኑ እንኳ ሳልል ወጣሁ። ማሽላው መሀል ገብቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ ከዚህ ምን ትማራላችሁ አልላችሁም፤ እኔ መምህር አይደለሁም። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔን የጎዳኝ ክፉ ሰው አይደለም። አባቴ ልጆች ሊያድን ነው። አበጋሩ ቃላቸውን ሊጠብቁ ነው። ዳኛው መብቴን አንብበዋል፣ ጠበቃው ምርጫዬን አክብሯል። ሁሉም ድርሻውን ተወጥቶ እየተጠባበቀ፣ በመሀል እኔ ታሰርኩ። መብትህ ተነበበልህ ማለት ልትጠቀምበት ቻልክ ማለት የሚመስለው ሰው ካለ፣ ይምጣና የኔን ሱቅ ይይ። የራሴ መኪና የለኝም፣ የሰው መኪና ተከራይቼ ነው የምሰፋው።

አሁን ሥራ ሲቀዘቅዝ ፍርድ ቤት ሄጄ ኋላ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው፤ የሚከለክለኝ የለም። ባለፈው አንድ ጎልማሳ ገበሬ ቀረበ። የመሰከሩበት የአገሩ ሽማግሌ ናቸው። አዲስ ዳኛ ነው የተቀመጠው። «ጋፊ ቀብዳ?» አለው። ሰውዬው ሽማግሌውን አየ፣ ኋላ የተቀመጡ ዘመዶቹን አየ፣ አንገቱን ደፋ። እኔ ያንን አንገት አውቀዋለሁ። እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም፣ ቆሜ ራሴን አገኘሁት።

«ጠይቅ!» ብዬ ጮህኩ። «አንተ ሰውዬ፣ እየጠበቁህ ነው፣ ጠይቃቸው!»

ፖሊሱ ብብቴን ይዞ ጎተተኝ። ዳኛው ጠረጴዛውን መታ።

«ማነህ አንተ? ችሎት እየደፈርክ መሆኑን ታውቃለህ?»

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ጥያቄ አለኝ» አልኩ። «ሽማግሌውን የምጠይቃቸው አንዲት ጥያቄ ብቻ አለችኝ።»

ዳኛው ከላይ እስከ ታች አየኝ። አልተቆጣም፤ እንዲያውም ያዘነልኝ መሰለ።

«አንተ ተከሳሽ አይደለህም» አለኝ። «መጠየቅ አትችልም።»

ፖሊሱ ወደ በሩ ሲገፋኝ፣ ገበሬው አንገቱን እንደ ደፋ «ጋፊ ሂንቀቡ» ሲል ሰማሁት።